አምስቱ የወንድሜ ፎቶዎች

የልጅ ልጄ ሰሞኑን አንድ ፎቶግራፍ ገዝታ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ይዛ ገባች። አንድ ዝነኛ ፎቶ አንሺ ያነሳት ሞዴል ናት፤ ጥጉ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎበታል። «እማማ፣ በዓለም ላይ ያለው አሥር ብቻ ነው» አለችኝ። ሳቅሁባት። ከእሷ በፊት ፎቶ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ፣ ያውም ጎበዝ።

በጣሊያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከቤታችን ከልደታ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አርመን ፎቶ ቤት ነበረው። የከተማው ወይዘሮ ሁሉ እሱ ዘንድ ካልተነሳች ያማረባት አይመስላትም፤ ካባውንም የወንድ ኮቱንም የሚያለብሰው ራሱ ነው። ያኔ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር። መስታወት ደግሞ ስለጠፋ፣ ከአንድ ሰው አምስት ቅጂ ብቻ ያጥብና መስታወቱን ፍቆ ለሌላው ያውለዋል። ቅጂዎቹን ከጀርባቸው ከ፩ እስከ ፭ ይቆጥራቸዋል። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረችና ደንበኞቿን እየለመንኩ የባለ ካባዎቹን ፎቶ በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ኃይሉም በዚያ ኮት ተነስቶ አምስቱን ለእኛና ለወዳጅ ዘመድ አደለ። በወሩ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ። ክረምቱ ሲጀምር ለጣሊያን ያደረ አንድ ባንዳ ቤታችን መጥቶ ፎቶውን ጠየቀ። የለንም አልነው። ሌላ ቤት መጠየቁ ግን አይቀርም። ኃይሉ መልእክት ይዞ ከተማ ይመላለስ ስለነበር መልኩ ኬላ ላይ ከታወቀ አለቀለት።

በማግስቱ ቆርቆሮዬን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ጭቃውን እያቦካሁ ዞርኩ። ለአክስቴ ስትመኘው የኖረችውን የባለ ወርቅ ካባዋን ወይዘሮ ፎቶ ሰጥቼ ፫ን ወሰድኩ። የኃይሉ የክርስትና አባት የተጠበሰ በቆሎ አብልተው ፩ን እንዲሁ ሰጡኝ። የኃይሉ ጓደኛ ግን ለ፬ ሦስት ቆንጆ ፎቶ ካላመጣሽ ብሎ ድርቅ አለ፤ ሰጠሁት። ያንን ሰው እስከ ዛሬ አልወደውም። ፭ የራሴ ነበር። ፪ በእናቴ ጉያ ውስጥ ነበር።

«ቢሞትብኝ በምን ላየው ነው?» አለችኝ።

«ካስቀመጥሽው በሱ ነው የሚይዙት፣ እማዬ።»

የያዘችውን ቀሚስ ዘምዝማ ጨረሰች። ከዚያ ፎቶውን አውጥታ ሳመችውና ፊቷን አዙራ ዘረጋችልኝ። ሽሮ የተጣደበት ምድጃ ውስጥ አምስቱንም ከተትኳቸው። እያለቀስኩ ሁሉም አመድ እስኪሆኑ ቆሜ ጠበቅሁ። ባንዳው በሳምንቱ አክስቴ ቤት ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ጣሊያን ሲወጣ ኃይሉ ጺሙን አንዠርግጎ መጣ። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ደጋግማ አየችው። እሱ ግን ከሸመገለ በኋላ እንኳ፣ «ያንን የመሰለ ፎቶዬን አቃጥለሽ ቆንጆ እንደነበርኩ ለልጆቼ ማን ይመስክርልኝ?» እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። «ስድስተኛው ቅጂ አንተ ነህ፤ ምን ጎደለህ?» እለው ነበር።

የልጅ ልጄ ፎቶዋን ሰቅላ ስትጨርስ የቀሩት ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቅኋት። አታውቅም። እኔ የእኔ አምስቱም የት እንደገቡ አውቃለሁ። ወንድሜ አርጅቶ፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ እጄን እንደያዘ ነው የሞተው።