በቀኝ ጥግ የጠፋው ገጽ

ባለፈው ወር፣ እዚህ ከፋ ውስጥ፣ ደካ ከተማ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቻችንን ሰብስቦ ወሰደና ሌላ ሥርዓት ጭኖባቸው መለሰልን። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ጠዋት ገብቼ ስከፍተው የገዛ ቤቴን በር ከፍቼ ጎረቤት ሳሎን ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። መስኮት የምትዘጋው ኤክስ ከቀኝ ወደ ግራ ተሰዳለች። የከፈትኳቸው ሰነዶች ተሰልፈው የሚጠብቁኝ የታችኛው መስመር የለም። አንዱን ገጽ ዝቅ ሳደርገው የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ፤ ላወጣው ስሞክር ሌላ ያላዘዝኩት ነገር ይከፈታል። ከዊንዶውስ ጋር ተጋብቼ ያረጀሁ ሰው ነኝና ትዕግሥቴ ከረፋዱ ሻይ በፊት አለቀ።

ከጎጃም ተመድባ የመጣችው የኮምፒውተር ባለሙያችን ሕይወት ስነጫነጭ ሰምታ መጣች። ቀና ልጅ ናት።

«አይጨነቁ ጋሽ ደምሴ» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ትንሽ ቀን ነው የሚያስቸግርዎት። ኮምፒውተር እኮ ሁሉም ያው ነው።»

«ያው አይደለም!» አልኳት።

ድምፄ ሂሳብ ክፍል ድረስ ተሰማ። ልጅቷ ክው አለች። በኋላ ይቅርታ ጠይቄ ሻይ ጋብዣታለሁ፤ የተቆጣሁት በእሷ አለመሆኑን ግን ምን ብዬ ላስረዳት? ያንን ቃል ከእሷ በፊት የነገረኝ ሰው ነበር። እሱም እንዲህ ፈገግ ብሎ ነው የነገረኝ። ልዩነቱ እሱ ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ የምኖረው ቦንጋ። እትዬ ጸሐይ የሚባሉ ሴት ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ የጽሕፈት ሱቅ ነበራቸው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ገበሬ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተይብ ተማሪ፣ የዕድር ደንብ የሚያስገለብጥ ሽማግሌ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚመጣው። ጸሐፊዎቹ እኔና ምትኩ ነበርን። ምትኩ የሺሺንዳ ልጅ ነው፤ እኔ ከቢታ ገነት ወዲያ ካለች መንደር። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ሰሃን እየበላን እንኖር ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ደህና ጫማ ካጣን የሌላውን እናደርጋለን። እናቶቻችን ቢገናኙ «ልጆቻችን» ይባባሉ ነበር እንጂ «ልጅሽ» አይባባሉም።

በከፋ ዳዶ የሚባል የሥራ ልማድ አለ። ዛሬ ሁላችንም ወጥተን ያንተን ማሳ እናርማለን፤ በሌላ ቀን ደግሞ ያንተ ተራ ነው፣ መጥተህ የእኔን ታርማለህ። የተሠራለት ሰው ተራው ሲደርስ ከቀረ ሰው አይመታውም፣ አይከሰውም፤ ብቻ ከዚያ በኋላ የሚጠራው የለም። እኔና ምትኩ ይህንን ከማሳ ወደ ኮምፒውተር አምጥተነው ነበር። እሱ ሰንጠረዥ በፍጥነት የሚሠራበት ዘዴ ሲያገኝ ያሳየኛል፤ እኔ አንድ አቋራጭ ቁልፍ ሳገኝ አሳየዋለሁ። ማታ ቆጮ በጎመን እየበላን «ዳዶ አለብህ» ይለኛል፤ ጠዋት ያገኘሁትን እነግረዋለሁ። ያስተማረን ትምህርት ቤት የለም። እኔን ምትኩ አስተማረኝ፣ ምትኩን እኔ አስተማርኩት።

በዚያ ዘመን የአማርኛ ታይፒስት እጅ የራሱ መንገድ ነበረው። በእኛ ማሽኖች ላይ ፊደሉን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የምትቀይረው ትንሽ ምልክት ከታች በቀኝ ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ነበረች። እንግሊዝኛ ቃል በመጣ ቁጥር እጃችን በማውሱ ሄዶ እሷን ይነካና ይመለሳል። ዓይናችን ከወረቀቱ አይነሳም። እትዬ ጸሐይ እንግዳ ሲመጣ «እነዚህ ልጆች ተኝተውም ይጽፋሉ» እያሉ ይኮሩብን ነበር።

አንድ ክረምት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት የቅጥር ማስታወቂያ አወጣ። ቋሚ ሥራ ነው፤ ቦታው ግን አንድ ብቻ። ሁለታችንም ተመዘገብን። ሳቅንም፤ «ማንም ያሸንፍ፣ ደስታው የጋራ ነው» ተባባልን። እኔ ግን ውስጤ አይስቅም ነበር። ታናሽ እህቴ አበበች ስምንተኛን ጨርሳ ቤት ቁጭ ብላለች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከመንደራችን ሩቅ ነው፤ አባቴ ያንን መንገድ ለሴት ልጅ አልፈቀደም። ከሁለት ጎረምሳ ጋር በአንድ ክፍል ትኑር ቢባልማ ጭራሽ አይሰማም። የተወልን አንድ መንገድ ነበር፦ ደምሴ ቋሚ ሥራ ይዞ የራሱን ቤት ከተከራየ መስከረም ላይ ቦንጋ ወስዶ ያስተምራት፤ አለዚያ ለጋብቻ የጠየቋት ሰዎች አሉ።

ምትኩ ይህን ሁሉ ያውቃል። አንዴ ለመስቀል አብሮኝ አገር ቤት መጥቶ አበበችን «አይዞሽ፣ ዘጠነኛን የምትማሪው ቦንጋ ነው፤ ሒሳቡን እኔ አስጠናሻለሁ» ብሏታል። ልጅቷ ደስ ሲላት እንደ ልማዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከምዝገባው በኋላ ምትኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሺሺንዳ መሄድ ጀመረ። አክስቱ ታማለች አለኝ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሱቁ በሰው ይጨናነቃል፤ እኔ የእሱንም የእኔንም ሥራ ብቻዬን እሠራለሁ። ቅር አላለኝም። እንዲያውም ከአገር ቤት የመጣልኝን ነጭ ማር «ለታማሚ ጥሩ ነው፣ ውሰድላት» ብዬ ከነዕቃው ሰጠሁት። ሲመለስ «አክስቴ መርቃሃለች» አለኝ። አሜን አልኩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ነሐሴ ነው። ጉሙ ከኮረብታው ወርዶ ጣሪያው ላይ ተኝቷል፤ ቀዩ ጭቃ በየእርምጃው ጫማ ይይዛል። መንገድ ዳር እሸት ከሚጠብሱት ሴቶች አንድ በቆሎ ገዝተን ለሁለት ሰበርነው። ፈተናው የሚሰጠው እኛ ገብተንበት በማናውቅ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር።

«ማሽኖቻቸው ምን ዓይነት ይሆኑ?» አልኩት።

ምትኩ በቆሎውን እየፈለፈለ ፈገግ አለ። «አትጨነቅ ባክህ! ኮምፒውተር ኮምፒውተር ነው፤ ሁሉም ያው ነው።»

ያው አልነበረም። ማሽኖቹ በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ የተጫነባቸውም ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚሉት ሥርዓት ነው። እኔ ስሙን የሰማሁት ያን ዕለት ከፈታኙ አፍ ነው። የመስኮቱ ቁልፎች በግራ፣ ዋናው ዝርዝር ከላይ፣ ሁሉም ነገር ተገልብጧል። ፈታኙ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ የአማርኛው ፊደል ተስተካክሎ እንደተከፈተልን፣ መቀየሪያውም ከላይ እንደሆነ ተናገሩ። «ከዚህ በኋላ መጠየቅ የለም» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። የሚጻፈው የመድኃኒት ስሞች በእንግሊዝኛ ጣልቃ የሚገቡበት ረዥም ደብዳቤ ነበር።

መቀየሪያው ከላይ መሆኑን ጆሮዬ ሰምቷል። እጄ ግን አልሰማም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ደብዳቤውን አጋምሼ የመጀመሪያው የመድኃኒት ስም ሲመጣ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ጥግ ሄዶ ተጫነ። እዚያ ጥግ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ሳጥኖች ነበሩ። ቀና ስል ገጼ የለም። ባዶ ሰሌዳ! ከታች ያለው መስመርም ባዶ ነው፤ የጻፍኩት ሁሉ የተፈጠረ አይመስልም። ላብ አጠመቀኝ። ደጋግሜ ፈለግሁት። ጠፍቷል ብዬ ቆረጥኩና አዲስ ገጽ ከፍቼ ከ«ጉዳዩ» ጀመርኩ።

በዚህ መሐል ቀና ስል ምትኩን አየሁት። ከፊቴ ካለው ረድፍ ወደ ጎን ተቀምጧል። ጣቶቹ አንድ ነገር ተጫኑ፤ ያለበት ገጽ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ሌላ ገጽ መጣ። እንደገና ተጫነ፤ የፊተኛው ተመለሰ። ቁልፎቹን አያይም ነበር። ወረቀቱን ነበር የሚያየው። ጎበዝ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ከዚያ በላይ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

እኔ በፍጥነት ስጽፍ ያው መድኃኒት መጣ፤ እጄም ያው ጥግ ሄዶ ሌላ ሳጥን ተጫነ። እጅ አይመከርም። ሁለተኛውም ገጽ እንደ ፊተኛው ሄደ። ሦስተኛውን ስጀምር ዓይኔ እንባ ሞልቶ ፊደሉ ይደበዝዝብኝ ነበር፤ የምጽፈው ደብዳቤ ሳይሆን የአበበች ስም ነው የሚታየኝ። ጥቂት መስመር እንደጻፍኩ «እጅ ወደ ላይ» ተባለ።

ፈታኙ ወደኔ መጥተው ገጹን አዩ። «ይኸው ብቻ ነው?» አሉኝ።

«ጠፋብኝ ጌታዬ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ።»

ጎንበስ ብለው ከቀኝ ጥግ ሳጥኖች አንዱን ነኩት። የመጀመሪያው ገጼ ብቅ አለ። ሌላውን ነኩት፤ ሁለተኛው መጣ። ምንም አልጠፋም ነበር። ይህ ሥርዓት ብዙ ጠረጴዛ አለው፤ እኔ በነካሁ ቁጥር ከአንዱ ጠረጴዛ ተነስቼ ሌላው ላይ ስቀመጥ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ያን ዕለት ገባኝ።

«አዬ ወንድሜ» አሉ ሰውየው ከልባቸው አዝነው። «ይሄም ግማሽ፣ ይሄም ግማሽ። ምን ላድርግህ? አሠራሩን ቀድሞ የሚያሳይህ ሰው አልነበረም?»

ነበረ እንጂ። ያኔ ነው የምትኩ ጣቶች የታወሱኝ። ያንን ያህል ሳያዩ መጫን በአንድ ጠዋት አይመጣም። እንዴት እንደሚመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አብረን ነው እጃችንን ያሠለጠንነው።

ከምትኩ ጋር ወደ ሰፈራችን ስንወርድ ዝናብ ጀመረ። አልተጠለልንም።

«ገጹን ወደ ጎን የምትገፋበትን የት ተማርከው?» አልኩት።

«ሺሺንዳ» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «አንድ መምህር አለ፣ ከሰሜን የመጣ። በቤቱ እንደዚህ ዓይነት ኮምፒውተር አለው። ማሠልጠኛው ውስጥ ምን እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው።»

«አክስትህስ?»

«ደህና ናት።»

«ማሩን ማን በላው?»

«መምህሩ» አለ።

ሳቄ መጣ፤ እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ «ዳዶ አልነበረብህም ወይ ምትኩ?» አልኩት።

«ቦታው እኮ የአንድ ሰው ነው ደምሴ» አለኝ። «ከእኔ ትፈጥናለህ። ብነግርህ ታልፈኝ ነበር።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ፤ የእኔ ጉድ ግን አጠገቤ ተኝቶ፣ ከሰሃኔ ጎርሶ፣ የሆዱን በሆዱ ይዞ ነው የከረመው። ስለ አበበች ምንም አላልኩትም። ራሱ ያውቃል። በማግስቱ እትዬ ጸሐይ ሲሰሙ ለረዥም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁና «አንተን አይደለም የበደለው፤ ከእንግዲህ የምታምነውን ሰው ነው የወሰደብህ» አሉኝ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው መክሮኛል፤ እንደሳቸው ልክ ያለ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቢሮ ሠርቻለሁ፣ ከብዙ ሰው ጋር በልቻለሁ፤ ዳዶ ግን ከማንም ጋር አልገባሁም።

ምትኩ ተቀጠረ። አበበች ጥምቀት ሳይደርስ ተዳረች።

አሁን ምትኩ ቦንጋ ውስጥ ትልቅ ወንበር ላይ ነው። ለክትትል ደካ ሲመጣ እጄን ይዞ ይስመኛል፤ ምሳ አብረን እንበላለን፤ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ እናወራለን። አንድ ቀን ሂሳቡን ከከፈለ በኋላ «ያንን ነገር ረስተኸዋል አይደል?» አለኝ። ረስቼዋለሁ አልኩት። ምን ልበለው?

አበበች ልጆቿን ሁሉ ታስተምራለች፤ ትልቋ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ያኔ ለምን ቦንጋ እንዳልሄደች ስትጠየቅ «ዕድሌ ነው፣ እግዜር አላለውም» ትላለች። እኔም እግዜር ነው እንድትል ትቻታለሁ። ሰው ነው ብላት ምን ይተርፋታል? እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ትደውልልኛለች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ ትጠይቅና በመጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ሰው ታነሳለች።

«ያ ደጉ ጓደኛህ ምትኩ ደህና ነው? ሒሳብ ላስጠናሽ ያለኝ? ሰላም በልልኝ እሺ?»

«እሺ» እላታለሁ። አንድም ቀን አድርሼላት አላውቅም።