በግራ የጮኸችው ወፍ

ለመስቀል ወደ መርሐቤቴ ስመጣ አባቴ ደጅ ላይ ሆነው፣ «የመስቀል ወፍ መጣ!» ብለው ተቀበሉኝ። በዓመት አንዴ ብቅ በማለቴ ሁሌም የሚወረውሩብኝ ነገር ነው። ያን ዓመት ግን ድምፃቸው ቀጥኖ፣ ሆዳቸው አብጦ ነበር። የወረዳችን ከተማ የዓለም ከተማ ሐኪም ሳይውል ሳያድር አዲስ አበባ ይግቡ ብሎ ወረቀት ጻፈላቸው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ፣ ከከተማው ዳር ካለው አፋፍ ላይ ወፍ በግራችን ጮኸች። አባቴ ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

«በግራ ከጮኸችማ መንገድ የለም። በቀኝ እስክትጮኽ እንጠብቃለን።»

ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ወፍ ስለ ሆድዎ ምን ታውቃለች?»

«አንተስ ምን ታውቃለህ?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

አውቶቡሱ ክላክሱን እያንባረቀ ሄደ። ከሰኞ በፊት ሌላ አልነበረም።

ቅዳሜንም እሑድንም አደይ አበባ በሞላው መንገድ ዳር ተቀምጠን ወፍ ስንጠብቅ ዋልን። እሳቸው ዋኔውን፣ ቆቁን፣ ከጀማ ሸለቆ የሚነሳውን ጆፌ አሞራ አንድ በአንድ እየለዩ ይነግሩኛል። እኔ ከማስተምረው ይበልጥ ያውቁ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ያኔ ግን ዓይኔ መታጠቂያቸው አልደርስ ካለው ሆዳቸው ላይ አልነቀል አለ። ፈርቼ ነበር።

እሑድ አመሻሽ ላይ ያቺው ወፍ መጥታ ግራር ላይ አረፈች፤ አሁንም በግራ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ቀስ ብዬ ተነሳሁና ጓል ወረወርኩባት። ብር ብላ በቀኝ በኩል ካለው ቁልቋል ላይ ተቀመጠችና ጮኸች።

«ተመስገን!» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። እጄ ላይ የቀረውን አፈር ይዩት አይዩት ዛሬም አላውቅም።

አዲስ አበባ የተቀበለን ሐኪም፣ «ምነው እስካሁን ቆያችሁ?» አለኝ። ሁለቱን ቀን ማለቱ ይሁን ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ፣ አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈራሁ። ሐሙስ ዕለት አስከሬን ይዤ ተመለስኩ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ልጄ፣ ወፏ በየት በኩል ነበር የጮኸችው?»

«በቀኝ» አልኳት።

«በቀኝ ከጮኸችማ ታዲያ ምን ገደለብኝ?»

ጓሉን አልነገርኳትም።