ትከሻው በየክረምቱ የሚሰፋው ሹራብ

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ለምለም እዚሁ ቆቦ፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ለአንድ ተማሪ የጀመሩትን ሹራብ እንደያዙ አረፉ። ሹራብ መሥራት ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ነበሩ። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ፣ ለቅሶው ላይ ያላልኩትን ለምታውቋቸው ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

በቆቦ ሙቀት የሱፍ ክር ይዘው ሲቀመጡ ያላሾፈባቸው አልነበረም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ፣ «እትዬ፣ ደግሞ ለፀሐይ ነው የሚሠሩላት?» ይላቸው ነበር። «እኔ የምሠራው ለቆቦ አይደለም፤ ከቆቦ ለሚሄድ ነው» ይሉታል። እውነትም ደጋ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ለደረሰን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሠርተውልናል። እኔ ደብረ ብርሃን አራት ዓመት የከረምኩት በእርሳቸው ሹራብ ነው።

አንድያ ልጃቸው ኪሮስ ግን የተሠራለትን ሳይለብስ ሄደ። ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሳለ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአፋር በኩል ወደ ሳዑዲ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፤ መርዶም አልመጣም። እትዬ ለምለም በየክረምቱ ሹራቡን ይተረትሩና፣ ትከሻውን ትንሽ አስፍተው ደግመው ይሠሩታል። ለእረፍት ስመጣ ክሩን የምጠቀልልላቸው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ጊዜ ደንግጬ ለምን እንደሚያፈርሱት ጠየቅኋቸው።

«ልጅ እኮ በሰው አገርም ያድጋል» አሉኝ።

ረቡዕ ከቀብር መልስ፣ የአክስታቸው ልጅ የኪሮስን ሹራብ ከሣጥን አውጥታ ድንኳኑ ውስጥ ከፍ አድርጋ ያዘችው። እንደ አገራችን ልማድ እንዲህ የሚያዘው የሟች ልብስ ነው። ከእናቱ ጋር አብሮ ይለቀስለት፣ ስንት ዓመት ያለ ለቅሶ ቀረ አለች። የሴቶቹ እጅ ደረት ሊመታ ተነሣ። አንዴ ከተለቀሰለት ኪሮስ ሞተ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከስደት የተመለሰ ሰው እዚህ አቅራቢያችን ዋጃ ገባ፣ ሮቢት ገባ ሲባል፣ እንደ እናቱ ተነሥቶ የሚጠይቅለት አይኖርም።

ተነሣሁ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«መርዶ አልመጣም። ሹራቡም ገና አላለቀም፤ ስጡኝ» አልኩ።

ሴትዮዋ አገላብጣ አየችው። «አንቺ ልጅ፣ አንገቱ የተዘጋ፣ እጁ የተገጠመ፤ ምኑ ነው ያላለቀው?»

እጄን እንደ ዘረጋሁ ቆምኩ። ሹራቡን አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ለቅሶው የእትዬ ለምለም ብቻ ሆኖ ቀጠለ። ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ፍርሃቱ ባሰብኝ። እውነት ሞቶ ከሆነስ? ነፍሱ ያለ ፍትሐት የምትቀረው በእኔ ምክንያት ቢሆንስ?

እትዬ ለምለም፣ ያን ፍርሃት እንደያዝኩ ሐሙስ ጠዋት በረንዳዎ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ደራሹ እያየኝ ከአንገቱ ጀምሬ ተረተርኩት። የመጀመሪያው ክር ሲሳብ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የአክስትዎ ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ የምትጮህብኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እርሷ ግን ተቀመጠችና የተፈታውን ክር ትጠቀልልልኝ ጀመር። አሁንም እፈራለሁ። ቢሆንም ተመላሽ መጣ በተባለበት ሁሉ ሄጄ፣ አፌ እየተያያዘም ቢሆን እጠይቅልዎታለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ። ክሩ ተጠቅልሎ ሲያልቅ መርፌዎን አነሣሁና እንደ አዲስ ጀመርኩት።