ያለ ኳስ የተማርኩት ፒንግፖንግ

ያስገቡን ክፍል ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። ስንራመድ አቧራው ይነሳል፤ ምራቃችን ሳይቀር ግራጫ ነበር። ሰበታ፣ ክር ፋብሪካው በር ላይ ሰልፍ የወጡት ሲያዙ፣ ከፈረቃ ወጥቼ ታክሲ የምጠብቀው እኔም አብሬ ተያዝኩ።

ምሳ ከየቤተሰቡ ሲመጣ ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ ስም ይጠራል። የእኔ ዘመዶች ያሉት ወላይታ ነው፤ መታሰሬንም አያውቁም። መጥራት ሲጀምር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። አብረውኝ የታሰሩት ሴቶች ያካፍሉኛል፤ ግን መጠራት ሌላ ነገር ነው።

አጠገቤ የምትተኛው የቡራዩ ሴት የስፖርት መምህርት ነበረች።

«አንቺ ልጅ፣ ግድግዳውን ልትጨርሺው ነው እንዴ? ኮቱ፣ ነይ፣ ተነሽ! ፒንግፖንግ ላስተምርሽ።»

«በምን ኳስ፣ ቲቸር?»

«በሌለ ኳስ።»

መጀመሪያ እንደ ክፍል ተማሪ አደረገችኝ። ክርንሽን እጠፊ፣ አንጓሽን አታጥብቂ፣ ወገብሽን አዙሪ። አንዱን ስይዝ ሌላው ይጠፋኛል፤ እንደ እንጨት ደረቅሁ።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ሳቀች። «ያልኩሽን ሁሉ እርሺው። ወታደር ሰላምታ ሲሰጥ አይተሻል? ኳሷ ስትመጣ እጅሽ ከታች ተነስቶ ግንባርሽ ላይ ሰላምታ ይስጥ። በቃ።»

እጄ በራሱ ሄደ።

ቀጥላ ዓይኔን አስጨፈነችኝ። «ኳሷ ትታይሻለች?»

«ነጭ ናት። መረቡን አልፋ መጣች።»

«ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ ቶሎ አያዩዋትም!»

«ስጸልይም የማላየውን ነው የማናግረው» አልኳት።

እሷ እንደ ኳስ ድምፅ በምላሷ ጠቅ ታደርጋለች፤ እኔ እመልሳለሁ። ያን ቀን ግድግዳውን ረሳሁት።

በማግስቱ ጠባቂው ጠራኝ። በስሜ። ዘመድ መጣ ብዬ ሮጬ ወጣሁ። የወሰደኝ ግን መርማሪው ጋ ነው።

«ይሄ ግንባር የምትነኩት የማን ምልክት ነው?»

«ፒንግፖንግ ነው፣ አለቃ።»

«ራኬቱ የታለ?»

«የለም።»

«ኳሱስ?»

«እሷም የለችም።»

«ስሚ፣ ምልክት አስተማረችኝ በይና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም መሄድ በጣም ፈልጌ ነበር። በልቤ ጌታን ጠራሁ። «ያስተማረችኝ ኳስ መምታት ነው» አልኩና ተነስቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መታሁ። ስገልጥ፣ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳያስበው ሰላምታ መልሶልኝ እጁ ግንባሩ ላይ ቀርቷል።

መርማሪው አልሳቀም። «ይህቺን እጅ ሁለተኛ እንዳላያት» አለኝ።

ከሰዓት መምህርቷን ወደ ሱሉልታ እስር ቤት ሊወስዷት መጡ። ብርድ ልብሷን አቅፋ በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ በምላሷ ጠቅ አደረገች። መርማሪው ከጎኗ ቆሟል። እጄን ግንባሬ ድረስ ልኬ መለስኩላት።

እኔ ቆይቼ ተፈታሁ። ቡራዩ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቤተሰቦቿ ቤቱን ለቅቀዋል፣ የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አሁንም ሰበታ ነኝ። ባለፈው እሁድ ከጸሎት ቤት ስመለስ ፉሪ መንገድ ዳር ጎረምሶች ጠረጴዛ አውጥተው ይጫወታሉ። ቆሜ ሳይ «ሲስተር፣ ሞክሪያት እስኪ» ብለው ቀለዱብኝ። ራኬት ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። ኳሷ መጣች። እጄ ግንባሬ ድረስ ሄደ፤ ኳሷም ማዶ ጠረጴዛው ላይ አረፈች።

«እንዴ! የት ተማርሽ?»

«አንዲት ቲቸር አስተማረችኝ» ብዬ ራኬቱን መለስኩላቸው።

ስጸልይ ስሟን ድምፄን አውጥቼ እጠራለሁ። ያለችበት ቦታ ምሳ ሲመጣ የሚጠራት ይኑር አይኑር አላውቅም።