እትዬ ዘውዴ የተሸከሙት ድንጋይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩትም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ነፍስ አባቴ ዘንድ እቀርባለሁ። ስለ ቁጣዬና ስለ ሻርኩት ጾም እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ ለማላውቅዎ ለእርስዎ ልጽፍ ተቀመጥኩ። መምህር ነኝና ነገርን ከሥሩ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ይታገሡኝ።

የማስተምረው ዳንግላ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። አያ ፈንታ የክርስትና አባቴ ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ አባቴም እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ዳማ ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ ግን ጎልማሳ ይመስላሉ። በየዓመቱ ጥር ላይ ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ለፈረሰኛ ማደሪያ መምረጥ ማለት አልጋ መፈለግ አይደለም። መጀመሪያ የሚፈለገው ግቢ ነው፤ ሰውየው ፈረሱ ባደረበት ያድራል። አያ ፈንታ ሠላሳ ዓመት ያደሩት ከከተማው ወጣ ብሎ በጥርባ በኩል ባለው በአያ ጥሩነህ ግቢ ነው። አያ ጥሩነህም ለዳንግላ ገበያ ሲመጡ ከአያ ፈንታ ቤት ሌላ ማደሪያ አያውቁም።

የዛሬ ሦስት ዓመት የአያ ፈንታ ጉልበት ስላመማቸው አብሬያቸው እንድሄድ ባለቤታቸው ለመኑኝ። ደስ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ የተማሩ ጓደኞቼ ለበዓሉ እንጅባራ መሀል ከተማ አንድ ፔንሲዮን ይዘው ነበር። በደብተሬ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፦ ርቀት፣ ሙቅ ውሃ፣ መብራት፣ ኔትወርክ። የአያ ጥሩነህ ቤት በሁሉም ወደቀ። ለፈረሱ ዓምድ አላሰመርኩለትም ነበር።

«አያ፣ እስኪ አያ ጥሩነህ ቤት ደውዬ ቦታ መኖሩን ልጠይቅ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ወደ ቤቴ የምገባው ደውዬ ነው እንዴ? አንተ እኮ ላሟንም አስፈቅደህ ሳይሆን አይቀርም የምታልባት!»

«የዘመኑ ወግ ነው፣ አያ።»

«በል እንግዲያ፣ ወግህን አድርስ።»

አልደወልኩም። ቁጥሩ ስልኬ ላይ ነበር፤ ኔትወርኩም ጥሩ ነበር። አልደወልኩም። በማግስቱ ግን ሄጄ፣ «ግቢው በእንግዳ ፈረስ ሞልቷል፣ ዘንድሮ ሌላ ፈልጉ ተባልኩ» አልኳቸው።

 ኮርቻቸውን ሲወለውሉበት የነበረውን ጨርቅ አስቀመጡ። «ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። «ሴት ናት ያነሳችው» አልኩ።

በዚያ ቤት ያሉት ሴት አንድ ናቸው፤ የአያ ጥሩነህ ባለቤት እትዬ ዘውዴ። ስማቸውን አልጠራሁም እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናናሁ! አንድ ሰው ብቻ ወዳለበት ጣቴን ቀስሬ ማንንም አልጠቆምኩም ማለት ምን የሚሉት ነው?

እንጅባራ ስንደርስ ዳማውን ከፔንሲዮኑ ጀርባ፣ ከአንድ ጋራዥ አጠገብ ያለ ባዶ ቦታ ላይ አሰርነው። አያ ፈንታ የክፍላቸውን ቁልፍ ተቀበሉ፤ አልጋውን በዓይናቸው አዩት፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ፈረሱ ተመለሱ። «ፈረስ ባይተዋር ሲሆን አይበላም» አሉኝ። በዚያ ብርድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሙቅ ውሃ ታጠብኩ።

በበዓሉ ሜዳ ላይ አያ ጥሩነህ ከሩቅ አይተውን ሁለት እጃቸውን አነሱ። አያ ፈንታ የፈረሱን አንገት መልሰው ሄዱ። የአያ ጥሩነህ እጆች እንደተነሱ ቀሩ። በኋላ እንደሰማሁት ሣሩ ታጭዶ፣ ገብሱ ተዘጋጅቶ፣ በሩ ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ሲጠብቀን ኖሯል። እዚያ ቤት እንግዳ የሚጠበቀው ስላስታወቀ አልነበረም፤ ጥር ስለደረሰ ነበር።

እኔ ያሰብኩት አንድ ጥርን ብቻ ነበር። አያ ጥሩነህ ወደ ዳንግላ መምጣት ተዉ። አያ ፈንታ ስማቸው ሲነሳ ወሬ ይለውጡ ጀመር። በእኛ አገር ስለ አንዲት ባለትዳር «እንግዳ መለሰች» ከተባለ ሌላ ስድብ አያስፈልጋትም። ስለ እትዬ ዘውዴ ተባለ። ገበያ ላይ ተባለ፣ ማኅበር ላይ ተባለ። እኔም ሰማሁ። ሰምቼ ክፍል ገባሁ፤ ስለ መልካም ሥነ ምግባርም አስተማርኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች ሁለቱን በጥርባ በኩል ባለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሰበሰቧቸው። ምስክር ሆኜ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ዋናው ሽማግሌ በአዊኛ ደውዬ እንደነበር ጠየቁኝ። እኔ በአማርኛ መለስኩ። አዊኛ አፌን የፈታሁበት ነው፤ በእሱ መዋሸት ከበደኝ መሰለኝ።

«ደውያለሁ። ሴት አነሳች።»

«እኔ?» አሉ እትዬ ዘውዴ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብለው። «ልጆቼን! እኔ አላነሳሁም!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የጨነቀው ሰው እንደሚጠይቅ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ድምጿ የእኔን ይመስል ነበር?»

በሩ ያኔ ተከፍቶልኝ ነበር። «አይመስልም» ብል እንኳ ነፃ ይወጡ ነበር። እኔ ምን አልኩ?

«ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። የተማረ ሰው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ደብተር የያዘ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። «እንግዲህ መምህር ለምን ይዋሻል? ረስቼው ይሆናል። ዕድሜ ነው፤ ስንቱን እረሳ የለ።» ሄደው ከቅጥሩ ካብ ላይ አንድ ድንጋይ አነሱ። ማጅራታቸው ላይ ጭነው መጥተው ከአያ ፈንታ ፊት ጎንበስ አሉ። ድንጋዩ ከአቅማቸው በላይ ነበር፤ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አየሁ፤ አልተነሳሁም።

«አያ ፈንታ፣ ይማሩኝ።»

«እግዜር ይማርሽ» ብለው አያ ፈንታ ድንጋዩን አነሱላቸው። አያ ፈንታና አያ ጥሩነህ ተቃቅፈው አለቀሱ። ዋናው ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «የተማረ እንዲህ ነው፤ ቃሉን አይለዋውጥም» አሉ።

ታዲያ አሁን በየት በኩል ልውጣ? «ታርቀዋል፤ ለምን ትቀሰቅሰዋለህ?» እላለሁ ለራሴ። ግን የምጠብቀው የማንን ሰላም ነው? ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ላይ የምናድረው አያ ጥሩነህ ግቢ ነው። ለእሳቱ የቀረበው መደብ የእኔ ነው። እትዬ ዘውዴ ከሁሉ አስቀድመው ለእኔ ያቀርባሉ፤ «ብላ እንጂ መምህር፣ ከሳህ» ይላሉ። እበላለሁ። ከዚያ ቤት የምሸሽበት ምክንያት የለኝም፤ የምቀመጥበት ፊትም የለኝም።

ባለፈው ጥር ከሰዓት በኋላ እሳቸውና እኔ ብቻ ቀረን። መስኮቱ ላይ ያለው ስልክ ጠራ። እትዬ ዘውዴ እጃቸውን ሰደዱ፤ መልሰው ሰበሰቡት። ቆመው አዩት። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ ደግሞ ጠራ።

«አንተ አንሳው፣ መምህር» አሉኝ። «እኔ ከዚያ ወዲህ አላነሳም፤ አእምሮዬ አይታመንም።»

አነሳሁት። ከጫግኒ ልጃቸው ነበረች፤ ወልዳ ከጤና ጣቢያ መውጣቷን ለእናቷ ልትነግር። ያን የምሥራች በእኔ አፍ ሰሙት። እልል አሉ፤ ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ስም ደጋግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ እንዳይረሱት።

ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታ ብለምናቸው በዚያው ቅጽበት ይሰጡኛል፤ ያንንም ከእሳቸው መውሰድ ነው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ውሸቴ ትንሽ ነበረች አልልም። ቅዳሜ በሚኒባስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። እትዬ ዘውዴ ማንበብ አይችሉም። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩትስ ስለዚህ ይሆን?

ልነግራቸው የሚገባኝ ቃል ደግሞ ረጅም አይደለም።

እትዬ፣ አልረሱም። ያን ቀን ስልኩ አልጠራም። አልደወልኩም።