ፎርኔሎው ላይ የቀረው ማተብ

ስሜ መጠራቱን የሰማሁት ወንጂ፣ ከምሠራበት የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ሳድል ነው። አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ «እህቴ፣ ስምሽ የሚታሰሩት ዝርዝር ውስጥ አለ። ዘመድ ካለሽ ሂጂ» አለኝ። ዘመዶቼ ጎጃም ናቸው። ጥቅሉን ሰጥቼው፣ አስፈርሜው፣ ሊይዙኝ የሚመጡትን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ናዝሬት እስር ቤት የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን የጋለ ሽቦ ነው። እስረኞች ጡብ ቦርቡረው የሠሩት ፎርኔሎ ነበር። ከምርመራ ተገርፋ ለተመለሰች ሴት እግር ውሃ ከጨው ጋር ይሞቅበታል። በሦስተኛው ቀን የእኔም እግር በዚያ ውሃ ታጠበ። ያጠቡኝ አንዲት የዝዋይ ሙስሊም አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም አዴ፣ እናት እንደማለት፣ እንላቸዋለን።

ስንቅ ሲገባ ስም ይጠራል። የእኔ አይጠራም። ያን ሰዓት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በቃሌ ዳዊት እደግማለሁ፤ አዴ ከዘንቢላቸው ሥጋ ያልነካውን መርጠው እስኪያቀብሉኝ።

አንድ ቀን አዴ ለሶላት ታጥበው፣ እጃቸው ሳይደርቅ ድስቱን ሊያነሱ ሲሉ ልባሱ የተላጠው ሽቦ ነካቸውና ግድግዳው ላይ ወረወራቸው። ዘቡ ጩኸት ሰምቶ ገባ።

«ከሰዓት አስር አለቃው ለፍተሻ ይመጣል። ሽቦውን እንዲህ ራቁቱን ካገኘው ፎርኔሎውን ይወስደዋል» አለ።

«ናስትሮ ፈልግልኝ፣ ወንድሜ» አልኩት።

«ናስትሮ! ለስላሳስ አላምጣልሽም?»

ጠዋት አንዲት ልጅ ለምርመራ ተወስዳ ገና አልተመለሰችም። ፎርኔሎው ከተወሰደ እግሯ በምን ይታጠባል ብለን ሁላችንም እሷን አሰብን።

ስፒናውን ከሶኬቱ ነቀልኩ። እጄን አድርቄ ፎርኔሎው እስኪበርድ ጠበቅኩ። አዴ የዘንቢላቸው እጀታ ላይ የተጠመጠመውን የመኪና ከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ፈትተው ሰጡኝ። ከሚግለው ራቅ ብሎ የተላጠውን ቦታ፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረብኩ ሸፈንኩት። ጎማው ግን ሲለቁት ይተረተራል። ማሰሪያ የሚሆን የለም፤ ስንገባ መቀነታችን ሳይቀር በር ላይ ተወስዷል። የቀሚሴን ጠርዝ ቀድጄ ባስረው ያረጀ ነውና ተበጠሰ። የቀረኝ በአንገትጌዬ ሥር የደበቅኩት ማተቤ ነበር።

«ተዪው፣ ኢንተላ ኮ» አሉ አዴ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እናትሽ ያሰረችልሽ አይደል?»

«እናቴ ሩቅ ናት፣ አዴ። ልጅቷ ቅርብ ናት።»

አማትቤ ፈታሁት።

አስር አለቃው መጥቶ ፎርኔሎው ላይ ጎንበስ አለ። «ይሄን ማን አሰረ?»

ተነሥቼ ቆምኩ። «እኔ ነኝ።»

«ማተብሽን ለፎርኔሎ! ክርስትና ልታስነሺው ነው?» አለኝ። ዘቡ ሳቀ።

«ሰው እንዳይገድል ነው» አልኩ።

አስር አለቃው ቋጠሮውን በጣቱ ጎተት አደረገው፤ አልላላም። ትቶት ወጣ።

ልጅቷን ተሸክመው ሲያመጧት ውሃው ሞቆ ነበር።

በሳምንቱ «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» ተባልኩ። አዴ ስፒናውን ነቅለው ማተቤን ሊፈቱልኝ ሲጣደፉ፣ «ይቅር» አልኳቸው። አንገቴ ባዶውን ተፈትቼ ወጣሁ።

ዛሬም የምኖረው ከአገሬ ርቄ ነው። አንገቴ ላይ ሌላ ክር አለ። ውሃ ማፍያዬን ከመሰካቴ በፊት ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኔ እፈትሻለሁ፤ ብቻዬን ስለሆንኩ የሚስቅብኝ የለም።

ከእኔ በኋላ እዚያ ክፍል የቀራችሁ እህቶቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ማተቡን አልጠይቅም፤ ይህን ብቻ ንገሩኝ። አዴንም ለምርመራ ወስደዋቸው እንደሆነ፣ ሲመለሱ እግራቸውን ያጠበላቸው ሰው ነበረ?