ፍሪሲዮን የቀየርሁበት ጥር

መኪናዬ የቆመችው ቤዛዊት ዳገት መሃል ላይ ነው። ጥር ወር ነበር፤ እሁድ። እሁድ እሁድ ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ዳገቱን ወጥቼ፣ ከላይ ዓባይን እያየሁ ትንሽ ቆይቼ እመለስ ነበር። የዚያን ቀን ግን ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ ወደፊት አትልም። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ማሽን ጠጋኝ ስለሆንሁ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮን አልቆ ነበር። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ለቅቄ ጥግ አስያዝኋትና ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግሁ።

አንድ የአሸዋ መኪና ሹፌር አዝኖልኝ በገመድ እየጎተተ ዘንዘልማ ቤቴ ድረስ አመጣኝ። በር ላይ ስንደርስ ደጋግሞ ጡሩምባ ነፋ። ማንም አልወጣም።

"ቤት ውስጥ ሰው የለም እንዴ?" አለኝ።

"የለም" ብዬ ወርጄ በሩን ራሴ ከፈትሁት።

ቤቱን እኔና ባለቤቴ ከባዶ መሬት ጀምረን የሠራነው ነው። ሁለቱ ክፍሎች አልቀዋል፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልተለሰነም። እሷ ነርስ ናት። እናቷ ሲታመሙባት ለስድስት ወር ብላ ወደ አዳማ ተዛወረች። ስድስቱ ወር ዓመት ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን በስልክ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ እንደማትመለስ ነገረችኝ። አልተጣላንም። ልጅ የለን፣ የምንካፈለው የረባ ዕቃ የለን፤ ነገሩ በአንድ የስልክ ንግግር አለቀ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያልበላሁትን እራት ወደ ድስቱ መልሼ መገልበጤን አስታውሳለሁ።

ከመሄዷ በፊት ሦስት ወር ያህል መኪና መንዳት አስተምሬያት ነበር። ከቤታችን ጀርባ ተሸንሽኖ ያልተሠራበት ሜዳ አለ፤ እዚያ እናዞራት ነበር። ጥሩ አስተማሪ አልነበርሁም። "እግርሽን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሺ! ታቃጥይዋለሽ!" እያልሁ እጮህባት ነበር። አንድ ቀን ከጩኸቴ መሃል የእጅ ፍሬኑን ያዘች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ወርዳ በታጨደው የጤፍ ማሳ በኩል በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ከዚያ ወዲህ እስክትሄድ ድረስ መሪ አልጨበጠችም። ዳገቱ ላይ ሽታው ሲመጣብኝ መጀመሪያ የታወሰችኝ እሷ ናት። "ይኸው አቃጥላዋለች" አልሁ፤ ድምፄን አውጥቼ፣ መኪናው ውስጥ ብቻዬን።

ጋራዥ ማስገባት እችል ነበር። ግን ቅዳሜና እሁድ ረዝመውብኝ ነበር። ራሴ ልቀይረው ወሰንሁ። የፋብሪካ ማሽን ሃያ ዓመት ፈትቼ ገጥሜአለሁ፤ ማርሾቹን የያዘውን የመኪና ካምቢዮ ግን አውርጄ አላውቅም። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ግሽ ዓባይ ሰፈር ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድሁ። ወገባቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ጋራዣቸውን ዘግተው ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው መንገደኛ ሲያዩ ነው የሚውሉት። ጉዳዬን ነገርኋቸው።

"ትችለዋለህ" አሉኝ። "ግን ብቻህን አይሆንም። አንዱ ከሥር ሆኖ ሲያስተካክል አንዱ ከላይ ፔዳሉን መርገጥ አለበት። ማን አለህ?"

አሰብሁ። የሥራ ባልደረቦቼን አንድ በአንድ በሐሳቤ አለፍኋቸው። ሁሉም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ አላቸው፣ ሠርግ አላቸው፣ ማኅበር አላቸው። ጎረቤቶቼን ከአጥር ወዲያ ሰላም ከማለት በቀር አላውቃቸውም። ሽማግሌው ጥያቄውን አልደገሙትም።

"እኔ ከሥር መግባት አልችልም" አሉ ቆይተው። "እግሬ ግን ደህና ነው።"

ቅዳሜ ጧት የመሣሪያ ቦርሳቸውን ጭነው በባጃጅ መጡ። ከሹፌሩ መቀመጫ አጠገብ በርጩማ አደረግሁላቸውና እኔ መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ ከሥሯ ጉርድ ግንድ ደገፍሁ። ባትሪውን ነቀልሁ፣ ዘይቱን አፈሰስሁ፣ እሳቸው እየነገሩኝ ቡሎኖቹን ተራ በተራ ፈታሁ። ከየት የወጣው የት እንደሚመለስ እንዳይጠፋኝ በየቆርቆሮው ለይቼ አስቀመጥሁ። ካምቢዮው ሲወርድ ክብደቱን ክሪኩና ደረቴ ተካፈሉት። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አሮጌውን የፍሪሲዮን ዲስክ አወጣሁት። በላዩ የተለበጠው ሸራ አልቆ፣ ሸራውን የያዙት ጥቃቅን ምስማሮች ሳይቀሩ ተፍቀዋል።

አዛውንቱ ተቀብለውኝ ወደ ብርሃን ገለበጡት። አሸተቱትም።

"ባለቤቴ ናት" አልሁ። "መንዳት ስትለማመድ እግሯን አታነሣም ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝና ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ጎን አስቀመጡት።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። አውልቀው፣ በሥርዓት አጥፈው፣ የኋላ መቀመጫው ላይ አስቀመጡት። አዲሱን የመግጠሙ ሥራ ከመፍታቱ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዲስኩ የሚያርፍበትን የሞተሩን ብረት በቤንዚን አጠብሁት። "በዘይት እጅህ እንዳትነካው፤ አንዲት ጠብታ ዘይት ካረፈበት መንሸራተቱ አይቀርም" አሉኝ። ዲስኩ መሃል ለመሃል ካልተቀመጠ ካምቢዮው አይገባም። ለዚህ ከቦርሳቸው አንድ ለስልሶ የተጠረበ የወይራ ዘንግ አወጡ። ራሳቸው የጠረቡት ነው፤ ጫፉ ቀጥኖ ወገቡ ወፍሯል። እሱን ሰክቼ ዲስኩን መሃል አስያዝሁት። ዲስኩን የሚጫነውን ሳህን በላዩ ገጠምሁ፤ ቡሎኖቹንም አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ እያልሁ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኋቸው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑን የሚገፋውን ኩሽኔታም በአዲስ ተካሁት።

ካምቢዮውን መመለስ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ጀርባዬ መሬት ላይ ነው፤ ብረቱ ደረቴ ላይ ነው፤ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ሲቀረው እምቢ ይላል። ተናድጄ በጉልበቴ ስገፋው ሽማግሌው ከላይ ሰሙኝ።

"አትግፋው ልጄ። ቀጥ አድርገህ ብቻ ያዘው። ተንፍስ።"

ተነፈስሁ። ከእሳቸው በፊት በዚያ ግቢ ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ለማስታወስ ሞከርሁና አልቻልሁም። የሥጋ ዘመድ የሞተብኝ ይመስል እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ። እሳቸው አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ቀና አድርጌ ትንሽ ዘወር ሳደርገው ካምቢዮው እንደ ሣጥን ክዳን ገጠመና ቦታውን ያዘ።

የቀረው ገመዱን ማስተካከል ነው። ገመዱ ከፔዳሉ ተነሥቶ ካምቢዮው ላይ ያለውን ክንድ የሚስብ ነው፤ ሲጠብቅ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተረገጠ ይቆያል፤ ሲላላ ደግሞ ማርሹ እየተፋጨ አይገባም። እኔ ከሥር ሆኜ፣ "ይርገጡ" እላለሁ። "ረገጥሁ" ይላሉ። "ይልቀቁ።" "ለቀቅሁ።" መጀመሪያ አጥብቄው ኖሮ ፔዳሉ ገና ሲነካ ሳብ አለ። ግማሽ ዙር አላላሁት። በዛ፤ ሩብ መለስሁት። ፔዳሉ ላይኛው ጫፍ ላይ የሁለት ጣት ያህል ያለ ሥራ እንዲወርድ፣ ከዚያ በኋላ እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር። በእጃቸው ለኩት፣ በእግራቸው ለኩት፣ ዓይናቸውን ጨፍነውም አንድ ጊዜ ረገጡት።

"ይበቃዋል" አሉ። "ውጣና ነዳት።"

እሳቸውን አጠገቤ አስቀምጬ ወጣሁ። መኪናዋ አዲስ ሆናለች። ድልድዩን ተሻግረን ከተማ ገባን፤ በዘንባባው መንገድ አድርገን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ደስ ብሎኝ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ቤቱ ግንባታ እለፈልፍ ነበር። እሳቸው ግን ወደ መንገዱ አላዩም፤ ወደ ታች ነው የሚያዩት።

"ልጄ፣ ግራ እግርህ የት ነው?" አሉኝ።

አየሁ። ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ሳልረግጠው፣ እንዲያው አሳርፌበት። ቶሎ አነሣሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወሬ ይዘን ሳለ ጉልበቴን በጣታቸው ነካ አደረጉኝ። እግሬ ሳላውቀው ተመልሷል።

"ሸራውን የበላው ይህ እግር ነው" አሉ።

"ባለቤቴ እኮ..." ብዬ ጀመርሁ።

"ለምን ያህል ጊዜ ተለማመደች?"

"ሦስት ወር።"

"ከሄደች ስንት ዓመት ሆናት?"

"ሁለት ዓመት ተኩል።"

 መኪናዋን ሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች ሥር አቆምኋት። በሁለት ዓመት ተኩል ከእኔ በቀር የነዳት የለም። ከዚያም በፊት በየቀኑ ወደ ፋብሪካ የምነዳት እኔው ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የእሷን እግር እያየሁ የራሴን አንድ ቀን አላየሁትም። ፊቴ ሳይለዋወጥ አልቀረም፤ ሽማግሌው፣ "ብዙ ሹፌር አያውቀውም። አርባ ዓመት የነዳም አያውቀውም" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ፈልገው እንደሆነ ገባኝ። አሳ በልተን ቤታቸው አደረስኋቸው።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ደወልሁላት። ከስምንት ወር በኋላ ነው ድምፅዋን የሰማሁት።

"ደህና ነህ? ምን ሆነህ ነው?" አለች ደንግጣ።

"ደህና ነኝ። የመኪናዋን ፍሪሲዮን ቀየርሁት።"

"እሺ።"

"ያቃጠልሽው አንቺ አልነበርሽም። እኔ ነኝ። እግሬን አላነሣም ነበር። ስጮህብሽም..."

 ከጀርባዋ የሰው ሁካታና የጋሪ መንኮራኩር ይሰማል፤ ሆስፒታል ውስጥ ነበረች።

"ለዚህ ነው የደወልከው?"

"ለዚህ ነው።"

"እኔ አሁን እነዳለሁ እኮ" አለች። "መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት አልፎኛል።"

ማን እንዳስተማራት ልጠይቃት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። "ጎሽ" አልሁ። "ደህና ነድተሽ ግቢ።" እሷም፣ "ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል" ብላ ዘጋችው። ደስ ማለቱ ከድምፅዋ ይሰማ ነበር፤ የመመለስ አሳብ ግን አብሮት አልነበረም። ስልኩ ሲዘጋ፣ ሳላውቀው መመለሷን እጠብቅ እንደነበር ገባኝ። የሠራተኛው ሰርቪስ ሞልቶ ሲወጣ አቧራው እስኪበርድ ቆሜ ቆየሁ።

አዛውንቱን ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ እጠይቃቸው ጀመር። ለሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየን። በጾሙ መሃል ግን ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ነግራ ወሰደቻቸው። አውሮፕላን ጣቢያ ያደረስኋቸው እኔ ነኝ። ትንሽ ሻንጣ ነው የያዙት። ሲለዩኝ ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና፣ "ይህች ልጅ ቤቷ ፎቅ ላይ ነው፤ ምን አያለሁ እዚያ?" አሉኝ። 

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይደውሉልኛል። ጆሯቸው ስለደከመ እየጮሁ ነው የሚያወሩት። ስለ ጤናዬ ከጠየቁ በኋላ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ውሃው ዛሬ ምን ይመስላል?" የመጀመሪያው ጊዜ ቤቴ ተኝቼ ነበርና ያላየሁትን ዋሽቼ ነገርኋቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ከመደወላቸው በፊት ተነሥቼ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ነፋስ ነበር፤ ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል፤ ከደንገል የተሠራች አንዲት ታንኳ እንጨት ጭና ከዘጌ በኩል እየቀዘፈች ትመጣለች። እንዲያ ብዬ ነገርኋቸው። "ደረሰች?" አሉኝ። "ገና ናት" አልሁ። "በል ቆይና እያት" ብለው ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁ፤ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ታንኳይቱን አያት ጀመር።